የሚሰፈርበት ቁና ይታይ፦ በዓመታዊ ጉባኤያችን የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ከመሐል ሜዳ፣ ከአንኮበርና ከሸዋ ሮቢት መንገዱ ሳይበግራችሁ ደብረ ብርሃን የተገኛችሁ እንግዶቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

የዘንድሮው ጉባኤ ስለ ኩላሊት የኤምአርአይ (በማግኔት ኃይል የሰውነትን ውስጥ የሚያነሣ ምስል) ልኬት እንዲሆን ስንወስን «ለእኛ ምናችን ነው?» ያሉን ነበሩ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁንና በየዕለቱ የምንመካበት የደም ክሬአቲኒን፣ ማለትም ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ፣ ከፍ ማለት የሚጀምረው ኩላሊት ብዙ አቅሙን ካጣ በኋላ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ኤምአርአይ ግን የኩላሊቱን መጠን፣ የደም ዝውውሩንና የኦክስጅን ይዞታውን ምስሉን ለማጉላት በደም ሥር የሚሰጠው ጋዶሊኒየም ሳይሰጥ ለመለካት ያስችላል።

ችግሩ የሚመጣው ምስሉ ከተነሣ በኋላ ነው። የእህል ቁና ከገበያ ገበያ እንደሚለያይ ሁሉ የምስሉም ቁና ይለያያል። ቲ-ቱ-ስታር የሚባለውን ልኬት እንውሰድ፤ በተለያየ የኤኮ ጊዜ፣ ማለትም ማሽኑ ሲግናሉን ቀስቅሶ እስኪያነብ በሚቆየው ጊዜ፣ የተነሡ ምስሎች ይደረደሩና በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ከሰውነት የሚመጣው ሲግናል በምን ፍጥነት እንደሚደክም ይሰላል። አንዱ ባለሙያ ሲግናሉን ወደ ሎጋሪዝም ለውጦ ቀጥ ያለ መስመር ያሰምርበታል፤ ሌላው ኩርባውን እንዳለ ይዞ ያሰላል። የመጀመሪያው ይፈጥናል፣ ሲግናሉ ደክሞ ኖይዙ (ምስሉን የሚያደበዝዘው ረብሻ) ሲጎላ ግን ያሳስታል። ሁለቱም «ይህን ያህል ሚሊሰከንድ» ብለው ይጽፋሉ፤ በየትኛው ቁና እንደተሰፈረ ግን ሪፖርቱን የሚያነበው ሐኪም አያይም።

የብሪታንያ የኩላሊት ምስል ተመራማሪዎች ፓይተን በተባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፉት ዩካት የተባለው ክፍት ሶፍትዌር የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም ዘዴዎች አሉት፤ ቀመሩም ከነኮዱ ስለሚነበብ ስሕተት ያየ ሰው ያሳያል፣ ያርማልም። በነጻ መገኘቱ ኪሳችንን ደስ ቢያሰኘውም፣ ለእኔ የሚበልጠው ቁናው መታየቱ ነው።

ሶፍትዌሩ ብቻውን ግን አይበቃም። ቲ-ቱ-ስታር በ3 ቴስላ ማሽን (ቴስላ የማግኔቱ ጥንካሬ መለኪያ ነው) ከ1.5 ቴስላው ያነሰ ሆኖ ይለካል። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ደግሞ ከፍታችን ነው፦ ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ልኬቱም በደም ውስጥ ካለው ኦክስጅን ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ በዝቅተኛ ስፍራ ከሚኖሩ ጤነኞች የተገኘን ቁጥር በመንዝ ገበሬ ላይ እንደ ወሰን ከመጫናችን በፊት፣ ከደጋውም ከሸዋ ሮቢት ቆላም ጤነኞችን በአንድ ዘዴ ለክተን የራሳችንን መነሻ መያዝ ይኖርብናል።

ከሰዓት በኋላ አንድን ምስል በሁለቱም ዘዴዎች አስልተን ልዩነቱን አብረን እናያለን፤ ኮምፒውተር የያዛችሁ ወጣቶች አጠገባችሁ ለእኛ ለአንጋፋዎቹ ቦታ እንድትተዉልን እየጠየቅሁ፣ ጉባኤው መከፈቱን በአክብሮት አበስራለሁ።