ቹንቾን፣ ከቡናው በኋላ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ከቹንቾን ከተመለስኩ ሳምንት ሆነኝ። ከተማዋ ግን ከሐሳቤ አልወጣ አለችኝ። እስቲ ስለሷ ላውራችሁ።

ቹንቾን በደቡብ ኮሪያ የጋንግዎን ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ናት። ከሴኡል በፈጣኑ ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል እንኳን አይሞላም። ስሟ ሲፈታ «የጸደይ ወንዝ» ማለት ነው። በዙሪያዋ ተራራ፣ በመሃሏ ውሃ።

እኔም እንደ ብዙው ሐበሻ የሄድኩት ለአንድ ነገር ነው። በኮሪያ ጦርነት የዘመተውን የእኛን የቃኘው ሻለቃ ሐውልት ለማየት። ልጆቻችን ፑሳን ወደብ የደረሱት በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 1943 መጨረሻ ላይ ነው። የተዋጉት ከቹንቾን ወደ ሰሜን ባሉት ተራሮች፣ በእነ ህዋቾንና ቾርዎን በኩል ነበር። ከ120 በላይ የሚሆኑት እዚያው ወደቁ። አንድም ሰው አልተማረከባቸውም። ሐውልቱን በ1960 ዓ.ም. ጃንሆይ ራሳቸው ተገኝተው መረቁት። ከፊት ለፊቱ ደግሞ በ1999 ዓ.ም. የተከፈተ መታሰቢያ ቤተ መዘክር አለ። ጣሪያው የእኛን ጎጆ ቤት ይመስላል። ከሩቅ ሳየው ሆዴ ባባ።

አጠገቡ፣ ጎንግጂቾን የሚባለው ወንዝ ዳር፣ አንድ ቡና ቤት አለ። ከ1961 ዓ.ም. ጀምሮ ቡና ሲያፈላ የኖረ ነው። ስሙ «ኢትዮጵያ ቤት»። ስሙን ያወጡለት ጃንሆይ ናቸው ይባላል። ቡናዬን ይዤ መስኮቱ ጋ ተቀመጥኩ። የኮሪያ ፊደል ማንበብ ስለምችል ጽሑፉን ደጋግሜ አየሁት። «ኢዲዮፒያ» ይላል። የዛሬ ኮሪያውያን ሲጽፉን «ኤቲዮፒያ» ነው የሚሉን። ይሄ ቤት ግን የድሮውን አጻጻፍ አልነካውም። የያኔ ሰዎች በጠሩን ስም ነው ዛሬም የሚጠራን።

ቡናዬን ጨርሼ ልነሳ ስል አንድ ነገር ከነከነኝ። ከጠዋት ጀምሮ ያየሁት ሁሉ የራሴን ታሪክ ነው። ይቺ ከተማስ? እነዚያ ልጆች ባሕር አቋርጠው የመጡላት አገር ሰው ምን አሳልፏል? ምን ይበላል? አንድም የማውቀው ነገር የለኝም። ስለዚህ የመመለሻ ባቡሬን ተውኩትና አደርኩ።

ከተማዋ በጦርነቱ ያደረገችውን ስሰማ ደነቀኝ። ጦርነቱ ሰኔ 18 ቀን 1942 ሲጀመር ሴኡል በሦስተኛ ቀኗ ወደቀች። ቹንቾን ላይ ግን የደቡብ ኮሪያ 6ኛ ክፍለ ጦር ሦስት ቀን ገትሮ ያዘ። ሰሜኖቹ ይቺን ከተማ በአንድ ቀን ይዘው ሴኡልን ከጀርባ ሊዘጓት ነበር ያሰቡት። ያ ሦስት ቀን ለቀሪው ሠራዊት መተንፈሻ ሆነ።

ከሁሉም በላይ ልቤን የያዘችው ግን ጁንግዶ ናት። ሐይቁ መሃል ያለች ለጥ ያለች መሬት። ሐይቁ ሰው የሠራው ነው። በፈረንጆቹ 1967 የኡይአም ግድብ ሲያልቅ ውሃው ዙሪያዋን ከበባትና ደሴት ሆና ቀረች። በኋላ የሌጎላንድ መዝናኛ ሊሠራባት ታሰበ። ከግንባታው በፊት መሬቱ ሲቆፈር የነሐስ ዘመን መንደር ብቅ አለ። በመቶዎች የሚቆጠሩ የቤት መሠረቶች፣ ከመቶ በላይ የድንጋይ መቃብሮች። ኮሪያውያን «ጎይንዶል» ይሏቸዋል፣ የተደገፈ ድንጋይ ማለት ነው። ትልቅ ጠፍጣፋ ድንጋይ በትንንሾቹ ላይ ተጭኖ፣ ከሥሩ ሰው ያረፈበት።

ብዙ ሰው ተቃወመ። ይቁም ያሉ ነበሩ። በመጨረሻ ግን ድንጋዮቹ ከቦታቸው ተነሱ። መዝናኛውም በ2022፣ እዚያ የልጆች ቀን በሚከበርበት በሜይ 5 ተከፈተ። ከወዲህኛው ዳር ቆሜ አየሁት። ለልጆች መጫወቻ አይሠራ አልልም፣ ከተማዋም ገቢ ያስፈልጋታል። ግን የሰው መቃብር ነው። ቁጥር ተለጥፎበት መጋዘን ከገባ በኋላ ማን ጎንበስ ብሎ ያልፍበታል? እኔ ብሆን መንደሩን ለልጆቹ እንዳለ አሳያቸው ነበር። ይሄን ስል እልህ ይይዘኛል፣ ይቅርታ።

ሌላ አንድ ነገር። ከከተማዋ ትንሽ ወጣ ብሎ ኪም ዩጆንግ የሚባል ባቡር ጣቢያ አለ። በአገሩ በሰው ስም የተጠራ የመጀመሪያው ጣቢያ ነው። ኪም ዩጆንግ የዚያ መንደር ልጅ፣ የአጫጭር ልብ ወለድ ጸሐፊ ነው። በፈረንጆቹ 1937፣ ገና በ29 ዓመቱ፣ የሳንባ በሽታ ቀጠፈው። ስለ ዶንግቤክ አበባ ጽፏል። ሌላው ኮሪያዊ ዶንግቤክ ሲባል ቀይ አበባ ነው የሚታየው። በጋንግዎን ገጠር ግን ዶንግቤክ የሚሉት በጸደይ መጀመሪያ የሚፈነዳ፣ የሚያውድ፣ ቢጫ አበባ ነው። ልክ በአገራችን አንዱ ቃል ጎጃም ሌላ፣ ሸዋ ሌላ እንደሚሆነው።

ማታ ዳክካልቢ በላሁ። የከተማዋ ምግብ ነው። በ1960ዎቹ በርካሽነቱ ወታደርና ተማሪ የለመደው። ዶሮው በበርበሬ ድልህ ታሽቶ፣ ከጥቅል ጎመን፣ ከስኳር ድንችና ከሩዝ ቂጣ ጋር ትልቅ የብረት ምጣድ ላይ፣ ዓይናችሁ እያየ ይጠበሳል። ባለቤቷ አሮጊት እናት ናቸው። ከየት ነህ አሉኝ።

«ኤቲዮፒያ» አልኳቸው።

«አሃ፣ ኢዲዮፒያ!» አሉ።

ሥጋው ሲያልቅ ሩዝ ጨመሩበት። ከምጣዱ ጋር የተጣበቀውን፣ ጠርዙ ላይ የደረቀውን፣ በብረት መፋቂያ ፍቀው ፍቀው አነሱና ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።