የቆሮሶ እሾህ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ድምፄ ደከም ካለባችሁ ሦስት ሌሊት በደንብ ስላልተኛሁ ነው። በአንዲት ጣት ምክንያት!

እሑድ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ካለው አሳ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወርጄ አሳ ገዛሁ። "እዚሁ እንበልትልህ" ሲሉኝ "ቤት ወስጄ ራሴ እበልታለሁ" ብዬ ድርቅ አልኩ። ቆሮሶ የምንለውን የዚህን አሳ የጀርባ እሾህ የሐዋሳ ሰው ያውቀዋል። አመልካች ጣቴ ውስጥ ገብቶ ጫፉ ተሰብሮ ቀረ። ማታ ላይ ጣቴ ቀላ፣ አበጠ፣ ይጠዘጥዘኝ ጀመር። እናቴ አየችውና "አንተ ልጅ፣ ይኼማ አመርቅዟል" አለች።

እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስልኬን ይዤ ማንበብ ጀመርኩ። በፈረንጆቹ 1882 ኢሊያ ሜችኒኮፍ የሚባል ተመራማሪ ጣሊያን፣ መሲና ውስጥ፣ የባሕር ኮከብ እጭ ላይ የጽጌረዳ እሾህ ሰካ። እጩ ውስጡ እንደ መስታወት ይታያል። ጠዋት በአጉሊ መነጽር ሲያይ ሴሎች መጥተው እሾሁን ከበውታል። እሱም ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም ነበር። እሱ ግን ከጉጉት የተነሳ ነው፤ ኋላ በ1908 ኖቤል ተሸለመ።

ከዚያ ሐሳቤ ወደ ሐይቃችን ሄደ። ቄጠማው ሥር የጥፍር ታክል ቀንድ አውጣ አለች። የቢልሃርዚያ በሽታ ትል እንቁላል ከሰው ዓይነ ምድር ጋር ውሃ ውስጥ ሲገባ ይፈለፈላል፤ እጩም እየዋኘ እሷን ይፈልጋል። ቀንድ አውጣ እንደኛ አንቲቦዲ፣ ማለትም በሽታ አምጪን ለይቶ የሚይዝ የደም ፕሮቲን፣ የላትም። ደሟም በሥር ብቻ አይሄድም፣ ሥጋዋን በቀጥታ ያጥባል። ያላት ወታደር በደሟ ውስጥ የሚንሳፈፉት ሴሎች ናቸው። ትሉ ሲገባ ይከቡታል፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተደራረበ ይጠቀልሉታል፣ መርዝ ይረጩበታል። ከቀናቸው በአንድ ሁለት ቀን ያልቅለታል።

ካልቀናቸው ግን ጉድ ነው። ትሉ ውስጧ ይራባል፤ እሷም እንቁላል መጣል ታቆማለች። ከሳምንታት በኋላ እጮቹን በሺዎች ወደ ውሃው ትለቃለች። ሐይቅ ዳር የሚዋኝ ልጅ ቆዳ ሰርስረው የሚገቡት እነዚያ ናቸው። እኔም ልጅ ሆኜ እዚያው ስንቦጫረቅ ነው ያደግኩት፤ የነዚያ ሴሎች ጦርነት የኔም ጉዳይ ነበር ማለት ነው። (ቀንድ አውጣዋን ስለሚገድለው እንዶድና ይህን ስላገኘው ዶክተር አክሊሉ ለማ ራሱን የቻለ ክፍል እሠራለሁ፣ ቃሌ ነው።)

በጣም የገረመኝ ግን ባለ ሁለት ክዳኑ የባሕር ዛጎል ነው። በፈረንጆቹ 1987 ፈረንሳይ፣ ብሪታኒ ውስጥ በእርባታ ላይ የነበሩ ዛጎሎች በብዛት አለቁ። ሲከፈቱ በክዳናቸው ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ቡናማ ቀለበት ተገኘ። ያደረሰው ቪብሪዮ የሚባል ባክቴሪያ ነው። ከበሽታው የሚያገግመው ዛጎል ታዲያ ቡናማውን በአዲስ ነጭ ሽፋን ይለስነዋል። ልክ የተሰነጠቀ ግድግዳ እንደሚለሰን! ክዳኑን ያየ ሰው እንስሳው ታሞ እንደዳነ ያነባል።

ረቡዕ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ ጫን ስትለው መግል ወጣ። መግል እኮ በአብዛኛው እዚያው ሲዋጉ የሞቱ የራሴ ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። እስከዚያ ድረስ ስረግማቸው ነው የከረምኩት። ከመግሉ መሀል የእሾህ ስባሪ ብቅ አለ። ከሩዝ ፍሬ ያንሳል። እናቴ "ጣለው" ብትለኝም አሁን ማይክራፎኑ አጠገብ፣ የቡና ስኒ ማስቀመጫ ላይ ነው ያለው።