ክፍል 41፦ የጋሽ ታደሰ «አጭር» ታሪክ

ሜሮን፦ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬም ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነን፤ ዛሬም የጋሽ ታደሰ ቤዝመንት ውስጥ። ባለፈው ሳምንት ቃል በገባነው መሠረት ስለ ዘረኝነት እናወራለን። አሜሪካ ውስጥ ሕጉ ለአንዱ እናት ለአንዱ የእንጀራ እናት የሚሆንበትን ነገር ማለቴ ነው። መጀመሪያ የክራክና የዱቄት ኮኬይን ሕግ (ሁለቱም ያው አንድ ዕፅ ናቸው)፣ ቀጥሎ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የተማሪ ቅበላ። ጋሽ ታደሰ፣ ተዘጋጅተዋል?

ጋሽ ታደሰ፦ ተዘጋጅቻለሁ። ግን ከዚያ በፊት አንዲት አጭር ታሪክ አለችኝ።

ሜሮን፦ ወይኔ! አድማጮች፣ ሰዓት ያዙ።

ጋሽ ታደሰ፦ ሁለት ደቂቃ ናት። ታክሲ የምነዳበት ጊዜ ነው። ያኔ ዋሽንግተን ውስጥ ሜትር የሚባል ሂሳብ ቆጣሪ የለም። ዞን ነበር። ከተማው በካርታ ተሸንሽኖ፣ ዞን በተሻገርሽ ቁጥር ሂሳብ ይጨምራል። ሜትር የገባው በ2008 ነው፣ በከንቲባ ፌንቲ ጊዜ። እኛማ በ2007 አድማ መትተን ነበር፤ ምን ያህል ሰው እንደወጣ ብታዪ...

ሜሮን፦ ጋሽዬ፣ የሜትር ታሪክ ክፍል 12 ላይ አለ።

ጋሽ ታደሰ፦ እሺ እሺ። ሌሊት ነው፤ ሰባት ሰዓት ገደማ። ዝናብ ይወርዳል። 14ኛ ጎዳና ላይ፣ ከዩ ስትሪት ከፍ ብሎ፣ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ እጁን ዘረጋ። ትልቅ ሰው ነው። ኮት ለብሷል፣ ቦርሳ ይዟል። እኔ ምን አደረግሁ? አለፍኩት።

ሜሮን፦ አለፉት?

ጋሽ ታደሰ፦ አለፍኩት። ለምን በይኝ። ወንዙን ተሻግረህ አናኮስቲያ፣ የጥቁሮቹ ሰፈር፣ አድርሰኝ ይለኛል ብዬ። ማን ነገረህ በይኝ። ማንም አልነገረኝም። ሰውዬው አፉን አልከፈተም እኮ! ተሳፋሪ መምረጥ ክልክል እንደሆነም አውቃለሁ፤ ፈቃድ ሲሰጡን ተነግሮናል።

ሜሮን፦ ይሄን በማይክ መናገርዎ...

ጋሽ ታደሰ፦ ቆይ፣ አላለቀም። ትንሽ ሄድ እንዳልኩ ሁለት ፈረንጅ ልጆች ቆመዋል። ሰክረዋል። አንዱ ጓደኛውን ተደግፎ ነው የቆመው። ለነሱ ቆምኩ።

ሜሮን፦ (ሳቅ) ለሰካራሞቹ!

ጋሽ ታደሰ፦ ለሰካራሞቹ። ጆርጅታውን ሳንደርስ አንደኛው መኪናዬ ውስጥ አስታወከ። መብራት ላይ ስቆም ደግሞ በሩን ከፍተው እግሬ አውጪኝ። ሂሳብ የለ፣ ይቅርታ የለ።

ሜሮን፦ የሰውዬው እንባ ነው!

ጋሽ ታደሰ፦ እኔም እንደዚያው ነው ያልኩት። ግን አላለቀም። በዚያ ሽታ ሥራ አይሠራም፣ ወደ ቤት ዞርኩ። መንገድ ላይ ፖሊስ አስቆመኝ። የየትኛው ፖሊስ እንደሆነ አልናገርም። ባትሪውን ዓይኔ ላይ አበራና «መስታወትህ ላይ የተንጠለጠለው ነገር እይታ ይከልላል» አለኝ።

ሜሮን፦ ምን ነበር የተንጠለጠለው?

ጋሽ ታደሰ፦ መቁጠሪያ! እናቴ የላከችልኝ መቁጠሪያ። የጣቴን ያህል የማይወፍር ነገር ምን ይከልላል? ከዚያ መቁጠሪያውን ረሳው። ከየት ነው የምትመጣው? መኪናው የማን ነው? መሣሪያ ይዘሃል? ዕፅ አለ? እኔ ያለኝ ትውከት ብቻ ነው ልለው ፈለግሁ። ትውከት በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ጠፋኝ።

ሜሮን፦ (ሳቅ) ኧረ በሞትኩት!

ጋሽ ታደሰ፦ በእጄ እያሳየሁት ነው እንግዲህ። እጄን ሳንቀሳቅስ ደግሞ «እጅህን መሪው ላይ!» አለኝ። ያኔ ሳቄ ጠፋ። ሰባት ሰዓት ላይ እኔ ሰውዬውን በመልኩ ፈረድኩበት። ስምንት ሰዓት ላይ ፖሊሱ እኔን በመልኬ ፈረደብኝ። ታሪኩ ይኸው ነው። አጭር ነው።

ሜሮን፦ አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀ። ግን አንድ ነገር ልጨምርበት። መቁጠሪያዋ ሰበብ ነበረች አይደል? የሚገርመው ሰበቡ ሕጋዊ ነው። ፓራሊጋል፣ የጠበቃ ረዳት ማለት ነው፣ ሆኜ ስሠራ ያነበብኩት ጉዳይ አለ፣ ሬን የሚባል። እዚሁ ዋሽንግተን ነው የተፈጸመው፣ በ1993። ሲቪል የለበሱ ፖሊሶች በከተማው ደቡብ ምሥራቅ በኩል ሲዞሩ ሁለት ጥቁር ወጣቶች ፓዝፋይንደር መኪና ውስጥ ያያሉ። መኪናዋ «ቁም» የሚለው ምልክት ጋ ከ20 ሴኮንድ በላይ ቆመች። ፖሊሶቹ ሲመለሱ ምልክት ሳታሳይ ታጥፋ ሄደች። በዚህ ሰበብ አስቆሟቸው፤ ክራክ ተገኘ። ጠበቆቹ ምን አሉ? የትራፊኩ ነገር ሽፋን ነው፣ የታዩት በመልካቸው ነው። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1996 ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ ወሰኑ። የትራፊክ ጥፋት እስካለ ድረስ ፖሊሱ በልቡ ምን አስቦ እንዳስቆመ ማስቆሙን ሕገወጥ አያደርገውም።

ጋሽ ታደሰ፦ «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» ማለት ይኼ ነው!

ሜሮን፦ በመልክ ለይቶ ማስቆም ይፈቀዳል አላሉም፤ በሌላ የሕገ መንግሥት አንቀጽ መክሰስ ትችላላችሁ ብለዋል። ግን የፖሊሱን ልብ ማን ያስረዳል?

ጋሽ ታደሰ፦ የኔንስ ልብ ማን ያስረዳል? እኔም እኮ ብጠየቅ «መብራት ላይ ነበርኩ፣ አላየሁትም» ነበር የምለው። ሰበብ አላጣም። ሁላችንም እንደዚያው ነን። ነጩ ብቻ አይደለም።

ሜሮን፦ አይ፣ እዚህ ጋ አልስማማም። እርስዎ አንድ ታክሲ ነዎት። እሱ መንግሥት ነው። ሽጉጥ ያለው ማነው? እስር ቤት ያለው ማነው? የእርስዎን ስህተት ከሥርዓት ስህተት እኩል ካደረግነው ሥርዓቱ ነፃ ወጣ ማለት ነው።

ጋሽ ታደሰ፦ ዝናብ ላይ ለቆመው ሰውዬ ልዩነት የለውም።

ሜሮን፦ አለው! እርስዎ ቢያልፉት ሌላ ታክሲ ይመጣል። ዳኛ ከፈረደበት በኋላ ማን ይመጣል?

ጋሽ ታደሰ፦ ከኔ ኋላ የመጣውም ሀበሻ ነው። እሱም ያልፈዋል።

ሜሮን፦ (ሳቅ) እሺ፣ እዚህ ላይ ረቱኝ።

ጋሽ ታደሰ፦ የማወራው የማውቀውን ነው። ዳኒ ግሎቨርን ታውቂዋለሽ? ተዋናዩን። በ1999 ኒውዮርክ ውስጥ ታክሲዎች አልቆም አሉኝ ብሎ አቤቱታ አቀረበ። ጁሊያኒ ከንቲባ ነበር፤ ዘመቻ ተጀመረ፣ ሾፌሮች ተቀጡ። እኛም እዚህ ስናወራ ምን እንል ነበር መሰለሽ? «የኒውዮርክ ሾፌሮች ናቸው።» ሾፌሮቹ እኮ እንደኛው ስደተኞች ናቸው። ከመጣን ገና የመኪና መንገድ ሳናውቅ ማንን መፍራት እንዳለብን አወቅን። ማን አስተማረን? ቴሌቪዥን። ቀድሞን የመጣ ዘመድ። «እነሱ ሰፈር አትሂድ።» እነሱ! ያ ሰውዬ ደግሞ ዝናብ ላይ...

ሜሮን፦ ሰውዬው ዛሬ ከዝናቡ ላይወጣ ነው። ግን ትክክል ነዎት፣ «እነሱ» የምትለዋ ነገር። በ2020 የሕዝብ ቆጠራ ቅጽ ላይ «ጥቁር» ከሚለው ሣጥን ሥር በምሳሌነት ከተጻፉት አንዱ «ኢትዮጵያዊ» ነው። ከጃማይካና ከሄይቲ ጋር። አክስቴ ያንን አይታ «ማነው እዚህ ውስጥ የጨመረን?» አለች። ተናዳ እኮ ነው!

ጋሽ ታደሰ፦ (ሳቅ) «ሌላ» የሚለው ላይ «ሀበሻ» ብላ ጻፈች አትበዪኝ።

ሜሮን፦ ጻፈች! በትልልቅ ፊደል። እኔ ሁልጊዜ የምላት ምንድነው፣ ሙሉጌታ ሥራውን አስቢው። ፖርትላንድ፣ ኦሪገን፣ ኅዳር 1988። የ28 ዓመት ወጣት ነው፣ ሊማር የመጣ። ጸጉራቸውን የተላጩ ነጭ ዘረኞች በቤዝቦል ዱላ ደብድበው ገደሉት። ሣጥኑን አልጠየቁትም። ሀበሻ ነህ ወይስ ጥቁር አሜሪካዊ አላሉትም።

ጋሽ ታደሰ፦ አስታውሳለሁ። ለቅሶ ቤት የሆነ ነበር የሚመስለው፣ የሁላችንም ቤት። በኋላ ያደራጃቸውን ሰውዬ ቶም ሜትዝገርን ከሰሱት። በ1990 12.5 ሚሊዮን ዶላር ተፈረደበት፤ ከልጁና ከድርጅቱ ጋር። የከሰሱለት እኮ እዚህ ያሉ የሲቪል መብት ጠበቆች ናቸው። እኛ ደግሞ ያንን አይተን ጥቁር አሜሪካውያንን መንገድ ላይ እናልፋቸዋለን።

ሜሮን፦ ...እሺ። ወደ ርዕሳችን እንመለስ? ሠላሳ ስምንት ደቂቃ ሆኖናል፣ ስለ ኮኬይን አንድ ቃል አልተናገርንም።

ጋሽ ታደሰ፦ የፓዝፋይንደሯ ልጆች ክራክ ነበራቸው አላልሽም? ተናግረናል።

ሜሮን፦ (ሳቅ) በአጭሩ እንዲህ ነው። በ1986 የወጣው ሕግ 5 ግራም ክራክ ለመሸጥ የያዘን ሰው ቢያንስ 5 ዓመት ያስፈርድበታል። በዱቄት ኮኬይን ያንኑ 5 ዓመት ለማግኘት 500 ግራም ያስፈልጋል። አንድ ለመቶ! ክራክ ማለት ደግሞ ያው ዱቄት በሶዳና በውኃ ተፈልቶ ነው። በክራክ የሚፈረድባቸው በአብዛኛው ጥቁሮች ነበሩ።

ጋሽ ታደሰ፦ ከዚሁ ከኛ ሰፈር ነው እኮ የተነሳው። ሌን ባያስ! የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ልጅ፣ ኮሌጅ ፓርክ። እኔ እዚህ አገር ሁለት ዓመቴ ነው፣ ቅርጫት ኳስ ምን እንደሆነ በሱ ነው የገባኝ። ሲዘል አይወርድም ነበር። ቦስተን ሴልቲክስ የሚባለው ቡድን በመረጠው በሁለተኛው ቀን ሞተ።

ሜሮን፦ ሰኔ 1986። ሁሉም ክራክ ነው የገደለው አለ። በኋላ ግን የወሰደው ዱቄት ነበር ተባለ። ሕጉ ጥቅምት ላይ ወጣ፤ የከበደው በክራኩ ላይ!

ጋሽ ታደሰ፦ ግን ይህንንም ተናገሪ። ያንን ሕግ ከደገፉት ውስጥ ጥቁር የምክር ቤት አባላት ነበሩ። የሃርለሙ ቻርልስ ራንግል አንዱ ነው። ሰፈራቸው እየነደደ ነው፣ አንድ ነገር ይደረግ አሉ። ያኔ ዋሽንግተንን የነዳ ሰው ይፈርዳል። ዘረኝነት ብቻ ነው ብለሽ አትዝጊው።

ሜሮን፦ አልዘጋሁትም። እሳት አጥፉልን ነው ያሉት፣ መቶ እጥፍ አላሉም! ደግሞ ስህተት መሆኑ ከታወቀ በኋላ ለምን 24 ዓመት ፈጀ? በ2010 ነው ኦባማ ማሻሻያውን የፈረመው፤ እሱም አንድ ለአንድ አላደረገውም፣ አንድ ለ18 ነው ያደረገው። ቀድሞ የተፈረደባቸው ደግሞ እስከ 2018 ጠበቁ፣ ትራምፕ እስኪፈርም። አሁን ሄሮይንና የሐኪም ክኒን የነጩን ልጅ ሲገድል «በሽታ ነው፣ ሕክምና ያስፈልገዋል» ተባለ። ልክ ነው፣ በሽታ ነው! ክራኩስ ጊዜ ምን ነበር?

ጋሽ ታደሰ፦ ከክራኩ ተምረው ይሆናላ።

ሜሮን፦ ያምናሉ ይሄን?

ጋሽ ታደሰ፦ ግማሹን።

ሜሮን፦ ግማሹን! እሺ፣ እኔም የራንግልን ግማሹን ልቀበል። ሃርቫርድ አልደረሰንም። በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዘርን ከቅበላ አስወጣ፤ አባቱ እዚያ ለተማረ ልጅ የሚሰጠውን ብልጫ ግን አልነካውም፤ ክሱም ስለሱ አልነበረም። ይሄ ራሱን የቻለ ክፍል ነው፣ ለሳምንት።

ጋሽ ታደሰ፦ ለሳምንት የልጅ ልጄን አመጣታለሁ። ኮሌጅ እየሞላች ነው፣ ያንን ሣጥን ይዛ ታለቅሳለች።

ሜሮን፦ ይምጡ። ከመዝጋታችን በፊት፣ የፖሊሱ የቅጣት ቲኬት ምን ሆነ?

ጋሽ ታደሰ፦ ከፈልኩ። ፍርድ ቤት እንዳልሄድ የቀን ሥራ ይቀርብኛል።

ሜሮን፦ መቁጠሪያዋስ?

ጋሽ ታደሰ፦ ማርሹ ላይ አሰርኳት። ከዚያ ወዲህ «መብራትህ ተበላሽቷል» እያሉ ነው የሚያስቆሙኝ።