ይኼማ ወንጭፍ ነው

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ፤ የማወራውም ስለ ወረቀት ሮኬት ነው። ሳቁ፣ ችግር የለውም። ቤተሰቦቼም ስቀው ስቀው ሲደክማቸው ተዉት።

እንደምታውቁት የምሠራው ማተሚያ ቤት ነው። የሠርግ ጥሪ፣ ካላንደር፣ የደረሰኝ ጥራዝ፣ ውሏችን ይኼው ነው። መቁረጫው ማሽን ሥር የሚጠራቀመውን ቁርጥራጭ እያዩ ዝም ማለት ለእኔ ይከብደኛል። ሮኬቱ የመጣው ከዚያ ነው እንጂ ከሰማይ ፍቅር አይደለም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከዋክብት ብዙም አይስቡኝም። እኔ የወረቀት ሰው ነኝ።

ተራው ኤ4፣ ባለ 80 ግራሙ፣ አንዱ ሉክ 5 ግራም ይመዝናል። ሚዛን አያስፈልግም። 80 ግራም የሚባለው የአንድ ካሬ ሜትር ክብደት ነው፣ ከአንድ ካሬ ሜትር ደግሞ 16 ኤ4 ይወጣል፤ ማካፈል ብቻ ነው። ይህችን ወረቀት 20 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው የመብራት ሽቦ ማስገቢያ ቱቦ ላይ ስትጠቀልሏት ሦስት ዙር ሄዳ ትንሽ ትተርፋለች። ጠርዟን በኮላ ይዛችሁ፣ ደርቃ፣ ከቱቦው ስታወጧት፣ ቅድም እጃችሁ ላይ ስትልፈሰፈስ የነበረችው ወረቀት ቀጥ ያለች ዘንግ ሆናለች። እኔ እዚህ ጋ ስደርስ ሁሌም ደስ ይለኛል። ገና አልበረረም እኮ!

አንድ የሙያ ነገር ልጨምር። ወረቀት ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ ቃጫው በአብዛኛው ወደ አንድ አቅጣጫ ተኝቶ ነው የሚደርቀው። ቃጫው ከቱቦው ጎን ለጎን ሆኖ ስትጠቀልሉት እሺ ይላል፤ ቃጫውን ራሱን ልጠፍ ስትሉት ያንገራግራል፣ ይጨማደዳል። ለማወቅ ቀላል ነው። ከአንዱ ወረቀት በቁመቱም በወርዱም እኩል ቀጫጭን ቁራጭ አውጡና ጫፋቸውን አንድ ላይ ያዙ። ቶሎ አንገቱን የደፋው ቃጫው በወርዱ የሄደው ነው። እኛ ጋ ማሽን ላይ ያሉት ልጆች ይኼን ሁሉ አያደርጉም፣ በጣታቸው ዳሰስ አድርገው ይነግሯችኋል።

ለክንፎቹ የሠርግ ጥሪ የሚታተምበትን ወፍራም ካርድ ነው የምጠቀመው። ቃጫው ከገላው ወደ ውጭ እንዲሄድ አድርጌ እቆርጠዋለሁ፣ ያለዚያ ገና ሲነሳ ይታጠፋል። ስለዚህ የእኔ ሮኬቶች ክንፋቸው ላይ ወርቃማ ጽጌረዳ አለ፤ አንዱማ “ከነባለቤትዎ” የሚል ይዞ ነው የሚበረው። አፍንጫው ከወረቀት የተጠቀለለ ሾጣጣ ነው፣ ውስጡ ከጧፍ የተረፈ ሰም ለክብደት ይጠቀጠቃል። ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ።

ማስነሻው አየር ነው። ባሩድ የለም። ውጭ አገር ሞዴል ሮኬት የሚሠሩ ሰዎች ከሱቅ የሚገዙት ትንሽ ሞተር አላቸው፤ የዚያ ነገር ጀማሪ በፈረንጆቹ 1954 ዓ.ም. አሜሪካ ነብራስካ ውስጥ የነበረ ኦርቪል ካርላይል የሚባል ጫማ ሻጭ ነው። የሚገርመው የሞተሩ ቅርፊት ራሱ ወፍራም የተጠቀለለ ወረቀት ነው። ግን ውስጡ ባሩድ ስለሆነ ወዲህ አምጡልኝ አልልም፤ የክብሪት ራስ እየፈቀፈቃችሁ ቤት ውስጥ እሞክራለሁ የምትሉ ልጆችም ካላችሁ፣ በእናታችሁ ተዉት፣ ጣት አይበቅልም። እኛ ያለን የለስላሳ ጠርሙስ ነው፣ ባለ ሁለት ሊትሩ። የውሃ ሃይላንድ ስስ ስለሆነ ቶሎ ይሰነጠቃል። ከጎሚስታ የለመንኩት የውስጥ ጎማ ቁራጭ ጠርሙሱን ከቱቦው ያገናኘዋል፣ ሮኬቱ ቱቦው ላይ ይሰካል፣ የእህቴ ልጅ ጠርሙሱ ላይ ይዘላል። በቃ።

የምንሄደው ሱሉልታ ነው። ከአዲሱ ገበያ ሚኒባስ ይዛችሁ፣ እንጦጦን ተሻግራችሁ፣ የጎጃም መንገድ ነው። ሜዳው ለጥ ያለ ነው፣ ግን ባለቤት አለው። ከመስቀል በኋላ ሣሩ ለአጨዳ የሚጠበቅበት ጊዜ ስለሆነ በላዩ የሚንጎራደድ የከተማ ሰው አይወደድም፤ እውነታቸውን ነው፣ ብር ነው የሚረገጠው። የሜዳው ባለቤት ሽማግሌ ሰው ናቸው። “አባባ፣ እዚች ጥግ ላይ ትንሽ ብንጫወት ይፈቅዱልናል?” አልኳቸው። “ሣሩን አትርገጡብኝ እንጂ ተጫወቱ። ምንድን ነው እሱ?” “ሮኬት ነው።” “ሮኬት!” አሉና ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ።

ልጁ ዘለለ። ጧ! አለ፣ ሮኬቱ ከዳር ካለው ባሕር ዛፍ ጫፍ ከፍ ብሎ ሄደ፣ ተመለሰ። አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። “ልጄ፣ ይኼማ ወንጭፍ ነው።” ከኋላቸው የነበረው እረኛ ደግሞ የልብ ልብ ተሰማው መሰለኝ፣ ወንጭፉን ፈትቶ አንድ ድንጋይ ወደ ባዶው ሜዳ ለቀቀ። ከእኛ በእጥፍ ርቆ ሄደ።

ቤቴ ገብቼም አሰብኩት፤ አባባ ልክ ናቸው። ሮኬት የሚገፋውን ነገር በሆዱ ይዞ ነው የሚሄደው፣ እየተኮሰ ወደ ኋላ፣ እየሄደ ወደ ፊት። የእኛው የሚገፋው ቱቦውን እስኪለቅ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ባገኘው ፍጥነት ነው የሚወጣው፣ ልክ እንደ ድንጋዩ። ሮኬት ብላችሁ ስትጠሩት ቅር የሚላቸው የፊዚክስ አስተማሪዎች አሉ፤ የሱሉልታው አባባ ያለ ፊዚክስ ደረሱባቸው።

ልዩነቱ ግን አለ። ድንጋዩ አየር ላይ የትም ዞረ የት ግድ የለውም። ወረቀቷ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ እንደያዘች እስከ ጫፍ ትወጣለች፣ እዚያ ላይ ትገለበጥና በአፍንጫዋ ትወርዳለች። ሰሙ የገባው ለዚህ ነው። ሮኬቱን ጣታችሁ ላይ አጋድማችሁ ሚዛን የሚጠብቅበትን ቦታ ፈልጉ፤ የክብደቱ ማዕከል እሱ ነው። ቀጥሎ የሮኬቱን የጎን ቅርጽ ከነክንፉ ካርቶን ላይ ስላችሁ ቁረጡና እሱንም ጣታችሁ ላይ አጋድሙት፤ ይኼኛው ነፋስ በጎን ሲመታው ግፊቱ የሚያርፍበትን ቦታ በግምት ያሳያል። የክብደቱ ቦታ ከግፊቱ ቦታ ወደ አፍንጫው ቀደም ካለ፣ ትንሽ ዘመም ሲል አየሩ ጭራውን ገፍቶ ያቃናዋል። ከኋላ ከሆነ ግን አየሩ ራሱ ይገለብጠዋል።

ከዘመናዊው ሮኬት አባቶች አንዱ የሚባለው አሜሪካዊው ሮበርት ጎዳርድ ሳይቀር እዚህ ጋ ተቸግሯል። በፈረንጆቹ መጋቢት 16 ቀን 1926 ማሳቹሴትስ ውስጥ በፈሳሽ ነዳጅ የሚሠራ ሮኬት ሲያስነሳ፣ ሞተሩን ከላይ፣ የነዳጅ ታንኮቹን ከታች ነበር ያደረገው። ከላይ የሚጎተት ነገር ቀጥ ይላል በሚል ሐሳብ። አይልም። ሞተሩ ከሮኬቱ ጋር አብሮ ስለሚዘም አቅጣጫ አያስጠብቅም፤ በኋላ ወደ ታች አወረደው። ያቺ ሮኬት 2.5 ሰከንድ ነው የበረረችው፣ ወደ 12 ሜትር ከፍታ። የአባባ ባሕር ዛፍ ይበልጣታል። ይኼን ሳነብ እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ሰው ሁሉ ግን የሚጠይቀኝ ሌላ ነው። “ምን ይጠቅማል?” ወይ ደግሞ “ልጁን ሳይንቲስት ልታደርጊው ነው?” ሜዳችን ከእንጦጦ ጀርባ ነው፤ ተራራው ላይ ባለ አንድ ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የተወነጨፈችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን፣ የኢቲአርኤስኤስ-1 መቆጣጠሪያ ጣቢያም የተሠራው እዚያው ነው። ስለዚህ ሰው ወዲያው ያገናኘዋል፤ ዛሬ ወረቀት፣ ነገ ሳተላይት። እኔ ይኼ ንግግር ይከብደኛል። ልጅ ኳስ ሲጫወት ሁሉ “የነገው ግብ አዳኝ” ሲባል ጨዋታው ይበላሻል። የእህቴ ልጅ የሚመጣው ጠርሙስ ላይ መዝለል ስለሚወድ ነው፣ እኔ ደግሞ ወረቀት ስለምወድ። እዚህ ላይ አገር መጫን ምንድን ነው?

ከፍታ ግን እንለካለን፣ ያለዚያ ክርክሩ አያልቅም። ፕሮትራክተር ላይ ስትሮ ተለጥፏል፣ ከመሃሉ ክር ተንጠልጥሏል፣ ክሩ ጫፍ ላይ ዳዶ ታስሯል፤ እንደ ግንበኛ ቱንቢ። ከማስነሻው 20 ሜትር ርቃችሁ ሮኬቱን በስትሮው ታያላችሁ። ጫፍ ላይ ሲደርስ ክሩ ያረፈበትን ቁጥር ከ90 ቀንሱ፤ 45 ዲግሪ ከመጣ ከፍታው 20 ሜትር ነው፣ የዓይናችሁን ከፍታ ጨምሩበት። 60 ከመጣ ወደ 35 ይጠጋል። ጠዋት ነው ጥሩው፤ ከሰዓት ነፋስ አለ፣ ክንፉ ትልቅ የሆነ ሮኬት ደግሞ ነፋሱን አይሸሽም፣ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ ያዞራል። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ጠረፍ ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ነው፤ ለሮኬት መሰናክሉ ይቀንሳል፣ ለሚዘለው ልጅ ግን ቶሎ ያስተነፍሳል።

አባባ ይኼን ስናደርግ ቆይተው ቆይተው ቀረቡና ፕሮትራክተሩን በጣታቸው ነካ አደረጉት። “ይኼ የዛፍ ቁመትም ይናገራል?” አሉ። ይናገራል። ክሩ 45 ላይ እስኪያርፍ ወደ ኋላ ሄድን፣ ከዛፉ እግር እስከ እኔ ያለውን ለካን፣ የዓይኔን ከፍታ ጨመርን፣ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ዛፉን ከሥር እስከ ላይ አዩት። የእኔን ሮኬት እንደዚያ አላዩትም። “ነጋዴው እንዲህ አላለኝም” አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ “ቅዳሜ ሊቆርጥ ይመጣል። አንቺም ነይ፤ ሮኬቱን ተይው፣ ይኼን ብቻ ይዘሽ ነይ።”

ለቅዳሜ ቀጠሮ አለኝ ማለት ነው። በሉ፣ ቻው።