ጨው የራበው ፍጡር
(በደብረ ማርቆስ ለሳይንስ መምህራንና ተማሪዎች የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ መምህራን፣ ከቅኔው ጉባኤ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ አባቶች፣ ውድ ተማሪዎች፤

እንደምን አመሻችሁ። እንድናገርበት የተሰጠኝ ጉዳይ የቆዩ የቴሌቪዥን ሳይንሳዊ ልብ ወለዶች ናቸው፤ ሳይንሳቸው ምን ያህል ያስኬዳል፣ ግማሽ ምዕተ ዓመት ካለፋቸው በኋላስ ስለ ምን ዛሬም ይታያሉ የሚለው ነው።

እኔ ይህን ዓይነት ሥራ መጀመሪያ ያየሁት በልጅነቴ እዚሁ ከተማ፣ አንድ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነው። መስኮቱ በብርድ ልብስ ተጋርዷል፤ እኛ አግዳሚው ላይ ተጣበን ተቀምጠናል፤ ካሴቱ ከብዙ እጅ ያለፈ በመሆኑ ምስሉ እየተንቀጠቀጠ ከግርጌው በነጭ መስመር ይቆራረጣል። እንግሊዝኛው ለአብዛኞቻችን አይገባንም ነበር። ታሪኩ ግን ገብቶን በማግስቱ ስንከራከርበት ዋልን። በሩቅ ፕላኔት የሚኖር አንድ ፍጡር ሰዎች የሚወዱትን ሰው መልክ እየያዘ ይቀርባቸውና ከሰውነታቸው ጨውን መጥጦ ይገድላቸዋል፤ ፍጡሩ ደግሞ ከዘሩ የቀረ የመጨረሻው ነው። ይገደል ወይስ ይትረፍ? ክርክራችን ይህ ነበር። በኋላ እንዳወቅሁት ያ ክፍል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶችም ሁሉ በዚሁ ናቸው) መስከረም 8 ቀን 1966 በአሜሪካ ሲታይ፣ በኅዋ መርከብ ስለሚጓዙ ሰዎች የሚተርከው የስታር ትሬክ ተከታታይ ድራማ የመጀመሪያው ስርጭት ነበር።

እስቲ ይህን ታሪክ በሳይንስ ዓይን እንመርምረው። በቅጽበት መልክ መለወጥን የሚደግፍ የሥነ ሕይወት ሕግ የለም። ጨው ግን እውነተኛ ነገር ነው። በነርቮቻችን ውስጥ መልእክት የሚተላለፈው ሶዲየም ወደ ሕዋሱ ሲገባና ፖታሲየም ሲወጣ በሚፈጠር የኤሌክትሪክ ለውጥ ስለሆነ፣ ሶዲየሙ ከልክ በታች የወረደበት ሰው ይደነዝዛል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ሕይወቱም ያልፋል። ይህን ለማወቅ የጎጃም እረኛ መጽሐፍ አያሻውም፤ ጨው ያጣ ከብት አፈር ሲልስ፣ የአሞሌ ስባሪ ሲያይ ደግሞ ሰው እየገፋ ሲመጣ አይቷል። እኛም ያንን ፍጡር ፈርተን ሳንጨርስ ያዘንንለት፣ ረሃቡን ከደጃችን ስለምናውቀው ይመስለኛል።

ለዚሁ ክፍል የዕቃ አዘጋጆቹ ለየት ያለ ቅርጽ ያላቸው የገበታ ጨው መያዣዎችን ገዝተው ነበር። ዳሩ ግን ተመልካች ጨው መያዣ መሆናቸውን አይለይ ይሆናል ተብሎ ተራ መያዣዎች ተተኩባቸው፤ የተገዙት ግን አልተጣሉም፤ የመርከቡ ሐኪም የሕክምና መሣሪያ ሆነው አገለገሉ። ሰው ሲቀርብ ከግራና ከቀኝ የሚከፈቱት በሮችም ከጀርባ በሚቆሙ ሠራተኞች ይሳቡ ነበር። በሩን የሚከፍተው ሰው መሆኑን ካወቅሁ በኋላ እንኳ ያንን በር ስመለከት መርከቡን አምነዋለሁ፤ ይህ እምነት ከየት እንደሚመጣ ዘወትር አስባለሁ።

መልሱን ያገኘሁት ከእናንተው ጉባኤ ነው፣ አባቶቼ። ጉባኤ ቃና የተባለው የቅኔ ዓይነት ሁለት ቤት ብቻ ነው። ተማሪው በእነዚያ ሁለት ቤቶች ተራራን ቢያናግር፣ ፀሐይን ቢያስለቅስ የኔታ አይቆጡም፤ ልኩ ከጎደለ ወይም ቤቱ ካልመታ ግን ቅኔው አያልፍለትም። ዘመን የተሻገሩት ድራማዎችም እንዲሁ ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ የቱን ሕግ እንደሚጥሱ አውቀው ይጥሳሉ፣ ከዚያ ወዲያ ራሳቸው በሠሩት ልክ ይታሰራሉ።

ፍጥነትን እንውሰድ። ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ አንስታይን በ1905 ካሳየን ወዲህ ክብደት ያለው አካል ከዚህ ሊያልፍ እንደማይችል እናውቃለን። የስታር ትሬክ ጸሐፊዎች ይህን ስለሚያውቁ መርከባቸውን በተራ ሮኬት አላስኬዱትም፤ ልዩ ሞተር ፈለሰፉለት። በ1994 ሚጌል አልኩቢየሬ የተባለ የሜክሲኮ የፊዚክስ ሊቅ፣ ከመርከቡ ፊት ያለው ኅዋ ቢኮማተርና ከኋላው ያለው ቢለጠጥ የአንስታይን እኩልታ እንደማይጣስ በስሌት አሳየ። ስሌቱ የሚጠይቀውን አሉታዊ ኃይል በዚያ መጠን ያገኘ የለም፤ ስለዚህ ሞተሩ ይሠራል ማለት አይደለም። በዚያው ድራማ ሰውን በብርሃን በትኖ ሌላ ቦታ የሚገጥመው መሣሪያ ደግሞ ከሳይንስ ሳይሆን ከኪስ የመጣ ነው፤ በየሳምንቱ መርከብ ሲያርፍ ማሳየት ለዝግጅቱ ገንዘብ ስለከበደው ተፈጠረ። በ1997 በቤተ ሙከራ የተሳካው የኳንተም ዝውውር የአንዲት ቅንጣትን ሁኔታ ያስተላልፋል እንጂ ቁሱን አያጓጉዝም።

በተቃራኒው ከ1975 እስከ 1977 የታየው የእንግሊዙ ድራማ ስፔስ 1999 ጨረቃን በኑክሌር ቆሻሻ ፍንዳታ ከምድር ነጥቆ በየሳምንቱ ወደ አዲስ ዓለም ያደርሳታል። ሰው አልባው የኅዋ መንኮራኩር ቮዬጀር 1 በሰከንድ 17 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጓዘ የቅርቡን ኮከብ ያህል ርቀት ለመሸፈን ከ70,000 ዓመት በላይ ያስፈልገዋል። ጨረቃን በአንዴ ለዚያ ጉዞ የሚያበቃ ፍንዳታ ደግሞ ይፈጫታል እንጂ አይገፋትም። ሞዴሎቹ እጅግ ያማሩ ናቸው፤ ሆኖም እዚህ ሕጉ የተጣሰው ሳይታሰብበት ስለሆነ ቤቱ አልመታም እላለሁ።

ተዋናይቷ ኒሼል ኒኮልስ በስታር ትሬክ የመርከቡ የመገናኛ መኮንን ሆና ስትጫወት ቺካጎ ውስጥ አንዲት ጥቁር ልጅ ትመለከታት ነበር። ያቺ ልጅ፣ ዶክተር ሜይ ጀሚሰን፣ በ1992 በኢንዴቨር መንኮራኩር ኅዋ የደረሰች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች፤ ያነሳሳት ያ ገጸ ባሕርይ መሆኑንም በራሷ አንደበት ተናግራለች። እዚህ ከፊቴ የተቀመጣችሁ ሴት ልጆቼ፣ ይህን ለእናንተ ስናገር ደስታዬ ወሰን የለውም።

አሁን መብራቱ ይጠፋና ያ የጨው ታሪክ ይታያል። ተማሪዎች፣ ወረቀታችሁን ለሁለት ክፈሉት፤ ሕግ የተጣሰበትን በግራ፣ የተከበረበትን በቀኝ ጻፉ። ፍጡሩ መሞት ነበረበት ወይ የሚለውን ግን አትጻፉት፤ ፊልሙ ሲያልቅ ከአባቶቻችን ጋር እንከራከርበታለን።