ቁራሌው ቀድሞናል

የተከበራችሁ የከተማችን ሽማግሌዎች፣ እናቶቻችን፣ የሙዚየም ባለሙያዎች፣ ከመኪና ግርግር መኪናችሁን አቁማችሁ የመጣችሁ የአባቴ የሙያ ጓደኞች፣ እንደምን ዋላችሁ?

ይህን የድሮ ዕቃዎቻችንን ኤግዚቢሽን ከመክፈታችን በፊት እንድናገር አምስት ደቂቃ ነው የተሰጠኝ። የልብስ ሰፊ ልጅ ነኝ። «ነገ ና» ማለት ያደግሁበት ነው፤ ዛሬ ግን ቀጠሮ አላፈርስም።

ለሐረር ሰው ስለ መኪና ግርግር ማስረዳት ነውር ነው። ከሩቅ ለመጡ እንግዶቻችን ብቻ ልናገር። መኪና ስንል ጎማ ያለውን አይደለም፤ የስፌቱን ነው። ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ በምትወስደው በዚያች ጠባብ መንገድ ልብስ ሰፊዎቹ በየደጁ ተደርድረው ፔዳል ሲረግጡ የሚወጣው ድምፅ ነው ስሙን የሰጣት። ጨርቁ ከውስጥ ይሸጣል፣ ሰፊው ከውጭ ይቀመጣል። አንዲት እናት ጨርቅ መርጣ፣ እዚያው ተለክታ፣ ግድር መጋላ ወርዳ በርበሬዋን ገዝታ ስትመለስ ቀሚሷ አልቆ ይጠብቃታል። ሳያልቅ ከቆየም ጠብ አለ። እሱንም ታውቁታላችሁ።

አባቴ እዚያ ደጅ ላይ ዐርባ ዓመት ተቀምጧል። ሲንጀር ነበር መኪናው። ጨርቁ በሚያልፍበት በኩል ወርቃማው ሥዕል ተፍቆ አልቆ ጥቁሩ ብረት ብቻ ቀርቷል። ቺንጋው ሁለት ቦታ ተቀጥሏል። ከመኪናው በላይ የሚሳሳለት ግን መቀሱ ነበር። በልጅነቴ አንዴ የደብተር ወረቀት ቆርጬበት የደረሰብኝን እዚህ አልናገርም፤ እናቴ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች።

ከዓመታት በፊት ሰዎች መጡና «ለኤግዚቢሽን እንዋስ» አሉት። ደስ አለው። መኪናውን ዘይት ቀባው፣ ጠረጴዛውን ወለወለ፣ ሰጣቸው። በመክፈቻው ማግስት ኮቱን ለብሶ፣ እኔን አስከትሎ ሊያይ ሄደ። ከፊቱ አንዲት ካርድ ቆማለች። «የልብስ ስፌት መኪና። ብረትና እንጨት።» ይኸው ነው። አባቴ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና ደግሞ አነበበ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ መዘውሩን ሊነካ ሲል ጥበቃው መጣ። «አባባ፣ አይነካም!»

ዐርባ ዓመት የነካውን።

ጥበቃውን አልቀየምም፤ ሥራው ነው። የተቀየምኩት መኪናው ሲመለስ ነው። መሳቢያው የለም! ጠየቅን። «ውስጡ ቆሻሻ ወረቀት ነበር» አሉን። ቆሻሻ የተባለው የአባቴ የዱቤ ደብተር ነው። ማን ለሠርጉ ምን እንዳሰፋ፣ የማን ወገብ ስንት እንደሆነ፣ ማን ለዒድ፣ ማን ለፋሲካ የልጆቹን ልብስ በዱቤ እንደወሰደ፣ ሁሉም እዚያ ነበር። ብረቱን አክብረው መለሱ፣ የመንገዷን ታሪክ ጣሉ። በሲንጀር ብረት ላይ የተመታውን ቁጥር ይዞ በየትኛው ፋብሪካ፣ በስንት ዓመት እንደተሠራ ማወቅ ይቻላል። ማን እንደሰፋበት ግን ከደብተሩ በቀር የሚናገር የለም።

እስቲ ከመኪና ግርግር ጥቂት ታጠፉ። ራምቦ ቤት አለ። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ሐረር የገባው በ1873 ዓ.ም. ነው፤ እዚህ ነጋዴ ነበር፣ ቡናና ቆዳ። በስሙ የሚጠራውን ያንን ውብ ቤት ግን ያሠራው የሕንድ ነጋዴ መሆኑን አስጎብኚዎቹ ራሳቸው ይነግሯችኋል። ክፉ አልናገርም፤ ሙዚየሙን እወደዋለሁ፣ የድሮ ፎቶዎቹን ደጋግሜ አይቻለሁ። ግን ፍረዱ! ፈረንሳዩ ላልሠራው ቤት ስሙ ተለጠፈለት። ከቤቱ ጥግ ላይ ዕድሜውን የሰፋው ሰው በገዛ መኪናው ላይ እንኳ ስሙ አልተጻፈም! ይኼ ነው የሚያንገበግበኝ። የእንግዳ ስም ስንጠብቅ የባለቤቱን ጣልን። ጣይዎቹም ሌላ ሰዎች አይደሉም፣ እኛው ነን። አባት ሲሞት መኪናውን በረንዳ፣ ከበረንዳ ጓሮ፣ ከጓሮ ለቁራሌው። ቁራሌው ከሙዚየም ቀድሞ እየደረሰ ነው!

ጭብጨባው ይቆየኝ፣ ደቂቃዬ እያለቀ ነው።

በራስ ተፈሪ ቤት አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ ምን እንዳደረጉ አይታችኋል። አንድ ሰው ከየቤቱ መጽሐፉን፣ ሳንቲሙን፣ ጌጡን ለቅሞ ሙዚየም አቆመ። ሐረር የራሷን ገንዘብ ትመታ እንደነበር ብዙ ልጅ ያወቀው እዚያ ገብቶ ነው። 1780 የተጻፈባት የማርያ ትሬዛ ብርም ብትሆን በየትኛው ሱቅ ሚዛን እንደተመዘነች ካልተነገረ ብር ብቻ ናት። በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማችን ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ ሲመዘገብ ግንቡን ብቻ አይደለም የመዘገቡት፤ ውስጡ የሚኖረውንም ነው። ስለ ሚዛኖቹና ስለ ከሰል ካውያው ብዙ አዘጋጅቼ ነበር፤ ይቅር።

የምለምነው አንድ ነገር ነው። በሩ ላይ ደብተር አስቀምጠናል። እዚህ ካሉት ዕቃዎች የምታውቁት ካለ የማን እንደነበር፣ ከየትኛው ደጅ እንደመጣ ጻፉ። መጻፍ የማትችሉ ልጆቹ ይጽፉላችኋል። ካርዶቹን ባዶ የተውናቸው ለዚህ ነው።

የአባቴ መኪና ከበሩ በስተግራ ነው። ዘይት ቀብቼዋለሁ፣ ይዞራል። ንኩት።

አሁን ወደ ሪባኑ። የምትቆርጡበት መቀስ የእሱ ነው። ጨርቅ ስለሆነ ይፈቅዳል። ብቻ አደራ፣ ማንም ወረቀት እንዳይቆርጥበት።