ኢኮ ወረቀታችሁ ላይ «ትራቤኩሌሽን» የሚል ቃል ካያችሁ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ የምናወራው ስለ አንድ ቃል ነው። ትራቤኩሌሽን። ኢኮ፣ ማለትም የልብ አልትራሳውንድ፣ ተነስታችሁ፣ ወረቀቱ ላይ ይህን ቃል አይታችሁ፣ ስልካችሁ ላይ ፈልጋችሁ፣ ከዚያ እንቅልፍ አጥታችሁ ያደራችሁ ካላችሁ ቪዲዮው ለእናንተ ነው።

ለፋሲካ በግ ሲታረድ የልቡን ውስጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ልጅ ሆኜ እናቴ ልቡን ለሁለት ስትሰነጥቀው አጠገቧ ቁጭ ብዬ አያለሁ። ውጩ ልሙጥ ነው። ውስጡ ግን ሌላ ነው። ቀጫጭን የሥጋ ገመድ ግድግዳውን ሞልቶታል፣ እርስ በርሱ ተጠላልፏል፣ አንዳንዱ ሥር ጣት ያልፋል። ትራቤኩላ ማለት እሱ ነው። የሰውም ልብ እንደዚያው ነው። ሁላችንም አለን። ጭንቀቱ የሚመጣው በግራ የታችኛው የልብ ክፍል በዛ ሲባል ነው።

አሁን ጋቢ አስቡ። ደህና ጋቢ። መሀሉ ጥቅጥቅ ብሎ ተሸምኗል፣ ጫፉ ላይ የተቋጨ ክር ተንጠልጥሏል። ብርዱን የሚከለክልላችሁ የቱ ነው? መሀሉ ነው። ጋቢ ስትገዙ «ክሩ ስንት ጣት ይሆናል?» አትሉም፤ ጨርቁን በሁለት ጣት ይዛችሁ ታሻላችሁ። ሳስቷል ወይስ ደህና ነው? የልብም ጥያቄ ይኸው ነው። ደሙን በዋናነት የሚገፋው ጥቅጥቅ ያለው ግድግዳ ነው፤ ትራቤኩላው እንደ ጫፉ ክር ነው።

ለዓመታት ሲለካ የኖረው ግን እንዴት መሰላችሁ? የክሩ ርዝመት ለጨርቁ ውፍረት ይካፈላል። በኤምአርአይ ውጤቱ ከ2.3 ካለፈ «በዝቷል» ይባላል። ችግሩ ታያችሁ? ጨርቁ ከሳሳ፣ ክሩ ምንም ሳይጨምር ቁጥሩ ይወጣል። በሌላ በሽታ ልቡ ሰፍቶ ግድግዳው የሳሳ ሰው ትራቤኩላው የበዛ ይመስላል። ደግሞ የልብ ሕመም የሌለባቸው 323 አሜሪካውያን በዚህ ሲለኩ፣ 43 በመቶው ቢያንስ አንድ ቦታ ላይ ከ2.3 አልፈዋል። 43 በመቶ! ጤነኛ ሰዎች ናቸው እኮ።

ስፖርተኞችም ላይ ይበዛል። በፈረንጆቹ 2013 የወጣ ጥናት ከ1,000 በላይ አትሌቶችን አይቶ 18 በመቶው ላይ የበዛ ትራቤኩላ አገኘ፣ ስፖርተኛ ካልሆኑት ላይ 7 በመቶ። ስለዚህ በየጠዋቱ እንጦጦ የሚሮጥ ልጅ፣ ልቡ ደህና እየገፋ፣ በዚህ ቃል ብቻ «ሩጫ አቁም» ቢባል እኔ ሁለተኛ ሐኪም ያማክር እላለሁ።

አሁን በኮሜንት ደጋግማችሁ ወደምትጠይቁኝ ነገር ልምጣ። እዚህ ላይ ቆም ማለት አለብኝ። የልጃቸው ልብ ማህፀን ውስጥ ተሠርቶ ሳያልቅ የተወለደ የመሰላቸው እናቶች አሉ። ጾሜ ይሆን፣ ከባድ ነገር ተሸክሜ ይሆን እያሉ ራሳቸውን ይወቅሳሉ። በጣም ነው የማዝነው። ይህን ያመጣው የድሮው ስም ነው፤ «ኖንኮምፓክሽን»፣ ሳይጠቀጠቅ የቀረ እንደማለት። ሐሳቡ፣ ፅንሱ ሲያድግ ክሮቹ ተጠቅጥቀው ግድግዳ ይሆናሉ፣ ካልተጠቀጠቁ ክር ሆነው ይቀራሉ የሚል ነበር።

እዚህ ላይ ጋቢው ራሱ ያሳስተናል። የጋቢ ክር በእርግጥ ሳይሸመን የቀረ ክር ነው። የልብ ግን አይደለም። የፅንስ ልብን በቅርበት ያጠኑ ሰዎች እንዳዩት ግድግዳው የሚወፍረው በራሱ እድገት ነው፤ ክሩም በራሱ ፍጥነት ያድጋል። አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ አልቀረም። ማስረጃ ከፈለጋችሁ ደግሞ ይኸውና፤ የመጀመሪያ ልጃቸውን ያረገዙ 102 ሴቶችን ሲከታተሉ፣ ሩብ ያህሉ ላይ በእርግዝናው ወቅት ትራቤኩላው ጨመረ። ከወለዱ ከሁለት ዓመት በኋላ ብዙዎቹ ላይ ጠፋ። ከማህፀን የተረፈ ጉድለት ቢሆን አዋቂ ሴት ላይ እንዴት ይመጣል፣ እንዴትስ ይሄዳል? ስለዚህ እናቴ፣ አንቺ የቀነስሽበት ነገር የለም።

አሁን ፈጠን ልበል፣ መሠረቱን በኢኮው ቪዲዮ አይተነዋል። ያላያችሁት እዩት፣ ሰብስክራይብም አድርጉ። በፈረንጆቹ 2006 የአሜሪካ የልብ ማኅበር ይህን ነገር ራሱን ከቻሉ የልብ ጡንቻ በሽታዎች መድቦት ነበር። በ2023 የወጣው የአውሮፓ መመሪያ ግን ራሱን የቻለ በሽታ አይደለም፣ ሃይፐርትራቤኩሌሽን፣ የበዛ ትራቤኩላ እንደማለት፣ ተብሎ ይጠራ አለ። ልቡ በደንብ ከገፋ፣ ካልሰፋ፣ ጠባሳ ከሌለው፣ የምት መዛባት ከሌለ፣ ስጋቱ ዝቅተኛ ነው። ኢጄክሽን ፍራክሽኑ፣ ማለትም ልቡ ከያዘው ደም በእያንዳንዱ ምት የሚገፋው በመቶኛ፣ ከወረደ፣ ኤምአርአዩ ጠባሳ ካሳየ፣ ወይ ሰውየው ራሱን ከሳተ ነገሩ ይለያል፤ የሚታከመው ግን የልብ ድካሙ፣ የምት መዛባቱ፣ የረጋው ደም ነው። ክሩን የሚያሳጥር መድኃኒት የለም፣ አያስፈልግምም። ስፖርት እየሠራችሁ ራሳችሁን ከሳታችሁ ግን ነገ ዛሬ አትበሉ፣ ቶሎ ሂዱ።

አንድ ነገር ደግሞ ቤት ውስጥ አጣሩልኝ። በአንዳንድ ቤተሰብ የልብ ጡንቻ በሽታ ይወረሳል። በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ዘመድ አለ? አያቶችን ጠይቁ። እኛ ጋ «ምች መታው» ተብሎ የታለፈ ሞት ብዙ ነው። ስንት ዓመቱ ነበር? ምን ሲሠራ ወደቀ? ጻፉትና ለልብ ሐኪሙ ይዛችሁ ሂዱ፣ ከክሩ ርዝመት ይልቅ እሱ ይጠቅመዋል።